አጥሩ የሚያስቆመውና የማያስቆመው

መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር ወደ አስመራ ሊበር የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ገና ከመሬት እንደ ተነሣ የርግብ መንጋ ውስጥ ገባ። ርግቦቹ በሁለቱም ሞተሮች ተሳቡ። አንደኛው ሞተር ወዲያው ጉልበቱን አጣ፤ ሁለተኛው ደግሞ አብራሪዎቹ ወደ ተነሡበት ሜዳ ለመመለስ ሲዞሩ ከዳቸው። አውሮፕላኑ ጎማ ሳያወጣ በሆዱ ወረደ፤ እሳትም ተያያዘ። በውስጡ ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ አለቁ።

ስለ አውሮፕላን ማረፊያ አጥር ልጽፍ ተነሥቼ አጥር በማያግደው አደጋ መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም። የባሕር ዳርን ርግቦች የትኛውም ሽቦ፣ የትኛውም ግንብ አይመልሳቸውም ነበር። በአገራችን አውሮፕላንና እንስሳ ሲነሡ መጀመሪያ የሚታወሰው ይህ አደጋ በመሆኑም ብዙ ሰው «እንግዲህ አጥር ምን ይጠቅማል?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን አጭር አይደለም።

ተከራካሪዎቹ ሁለት ጎራ ይዘዋል። አንዱ ወገን የአውሮፕላን ጠላት ወፍ ነው፣ ወፍ ደግሞ አጥር አያውቅም፣ ስለዚህ በኪሎ ሜትር ለሚቆጠር ሽቦ ገንዘብ ማፍሰስ ከንቱ ነው ይላል። ሌላው ወገን አጥሩ ቆሞ የምረቃው ሪባን ከተቆረጠ ወዲያ የእንስሳን ጉዳይ እንደ ተዘጋ መዝገብ ይቆጥረዋል። ሁለቱንም የሚያፈርስ ማስረጃ ከናይጄሪያ እስከ አላስካ ተከማችቷል። እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ለአንድ የክፍለ አገር ከተማ ማረፊያ አጥር ግዴታ ነው፤ ነገር ግን በየቀኑ የሚዞረው ሰው ከሌለ፣ በውስጡ ያለው ሣር ካልታሰበበት፣ በውጭ ካለው መንደር ጋር ካልተስማማ ከባዶ ሜዳ የባሰ አደጋ ይዞ ይመጣል። ባዶ ሜዳ ቢያንስ ሰውን ንቁ ያደርጋል፤ የተቀደደ አጥር ግን ያዘናጋል።

ከቁጥሩ እንነሣ። (ከዚህ በኋላ የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኤፍኤኤ በሚለው ምሕጻር የሚታወቀው የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ከ1990 ጀምሮ አውሮፕላኖች ከእንስሳት ጋር የሚያደርጉትን ግጭት ይመዘግባል። በ2023 ብቻ ከ19 ሺህ የሚበልጡ ግጭቶች ተመዝግበዋል። በመዝገቡ ከሰፈሩት ግጭቶች ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆኑት ከወፍ ጋር የተደረጉ ናቸው፤ በመሬት የሚሄዱ አጥቢ እንስሳት ድርሻ ከመቶ 2 ገደማ ነው። እዚህ ላይ የቆመ ሰው የመጀመሪያው ወገን ትክክል ነው ብሎ ይደመድማል። ትንሽ ዘልቆ የሚያይ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። አብዛኛው የወፍ ግጭት አውሮፕላኑን ምንም ሳያደርገው ያልፋል፤ አብራሪው ልብ ሳይለው የሚቀርም አለ። አውሮፕላን ከአጋዘን ጋር ሲጋጭ ግን ከአሥሩ በስምንቱ ያህል ጉዳት ይደርሳል። በዚያው መዝገብ የሰፈሩት የአጋዘን ግጭቶች ከ1 ሺህ በላይ ናቸው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንዲት ርግብ ግማሽ ኪሎ አትሞላም፤ አንድ በሬ ብዙ መቶ ኪሎ ይመዝናል። ወፍ በአየርም በመሬትም ላይ ሲገጥም፣ ላሟ፣ ውሻው፣ ጅቡ ወይም ከርከሮው የሚገጥመው አውሮፕላኑ በመሬት ላይ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ በሚሮጥባት በዚያች አጭር ጊዜ ነው። በዚያች ደቂቃ አብራሪው መሪውን ጠምዝዞ መሸሽ አይችልም። በድንገት ፍሬን ቢይዝ መስመሩን ይስታል፤ ለመነሣት ቢቸኩል ፍጥነቱ አልሞላም። የመንገደኛ ጄቶች ሞተር ከክንፍ በታች ተንጠልጥሎ ለመሬት በጣም የቀረበ ነው። የትናንሾቹ አውሮፕላኖች ፕሮፔለርም እንዲሁ ነው። ከዚህ ሁሉ የከፋው ጊዜው ነው፦ አብዛኛው የአጋዘን ግጭት የሚደርሰው ሲመሽና በሌሊት ነው።

በ2005 የኤር ፍራንስ ኤርባስ 330 ናይጄሪያ ውስጥ ፖርት ሃርኮርት ሲያርፍ ከከብት መንጋ ጋር ተጋጨ። ላሞቹ አለቁ፤ ከሰው የሞተ አልነበረም። በ2013 የላየን ኤር ቦይንግ 737 በኢንዶኔዥያ ጎሮንታሎ ሲያርፍ ላም ገጭቶ ከማኮብኮቢያው ወጣ። በ2014 ሕንድ ውስጥ በሱራት ማረፊያ ለመነሣት ይንደረደር የነበረ የስፓይስጄት አውሮፕላን የቤት ጎሽ መታ፤ ሞተሩ ተጎዳ። በዓመቱ ጃባልፑር ላይ የዚያው አየር መንገድ ሌላ አውሮፕላን ከዱር አሳማዎች ጋር ተጋጭቶ ከመስመሩ ወጣ። እነዚህ ሁሉ የመንግሥት ጥበቃ ያለባቸው፣ መደበኛ በረራ የሚስተናገድባቸው ማረፊያዎች ናቸው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን በ2001 በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ትሮይ በምትባል ከተማ ማረፊያ የደረሰው ነው። አንድ ሊርጄት አርፎ ጎማው መሬት እንደ ነካ ሁለት አጋዘኖች ገጨ። እንስሶቹ የጎማውን አካባቢ ሲመቱ አውሮፕላኑ መሬት ላይ መሆኑን ለኮምፒውተሩ የሚነግሩት ሽቦዎች ተጎዱ። ኮምፒውተሩ አውሮፕላኑ ገና አየር ላይ ያለ መሰለው፤ ፍጥነት የሚቀንሰውን የሞተር መመለሻ ዘጋ፤ ሞተሩም ወደ ፊት መግፋት ጀመረ። አውሮፕላኑ ከማኮብኮቢያው ወጥቶ ተቃጠለ፤ ሁለቱ አብራሪዎች ክፉኛ ተጎዱ። የእንስሳ ግጭትን እንደ መኪና አደጋ «ላሟ ሞተች፣ መከላከያው ተጣመመ» ብሎ ማለፍ የማይቻለው ለዚህ ነው። አውሮፕላን በነርቭ እንደ ተሞላ አካል ነው፤ አንድ ሽቦ ሲቆረጥ ሌላው ሁሉ ይሳሳታል።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ስለ ማረፊያዎች ባወጣው 14ኛው አባሪ ለአውሮፕላን አደጋ ለመሆን የሚበቃ ትልቅ እንስሳ ወደ መንቀሳቀሻው ክልል እንዳይገባ አጥር ወይም ሌላ ተስማሚ መከላከያ እንዲኖር ያዛል። ስለዚህ ሕጉ ላይ ክርክር የለም። ክርክሩ ያለው ሕጉ በማይደርስበት ወይም ገንዘቡ በማይበቃበት ቦታ ነው። በአሜሪካ ሙሉ የኤርፖርት ፈቃድ አውጥተው በጥብቅ ደንብ የሚተዳደሩት ማረፊያዎች 500 ገደማ ሲሆኑ፣ የከተማ አስተዳደሮችና የካውንቲዎች ንብረት የሆኑት ትናንሽ ማረፊያዎች ግን በሺዎች ይቆጠራሉ። አጋዘኑ የሚበዛው በእነዚህ ዙሪያ ነው፤ ጫካና የእርሻ ማሳ ይከባቸዋል፤ ሌሊት የሚጠብቃቸው ሰው የላቸውም፤ ብዙዎቹ የመቆጣጠሪያ ማማ እንኳ የላቸውም። አንድ ትንሽ ማዘጋጃ ቤት ብቻውን ይህን አጥር ማቆም ስለማይችል ከአየር ትኬት ቀረጥ የሚሰበሰበው የፌዴራል ፈንድ በተለምዶ ከወጪው ከመቶ 90 ያህሉን ይሸፍንለታል። ይህ ብልህ አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ። የሚበርረው ሰው ከፍሎ የሚያርፍበትን ሜዳ ያስጠብቃል።

ወደ አጥሩ እንምጣ። ኤፍኤኤ የሚመክረው አጥር ቁመቱ 3 ሜትር ያህል የሆነ የሽቦ መረብ ሲሆን፣ በአናቱ ሦስት ረድፍ እሾሃማ ሽቦ ይዘረጋበታል። ነጭ ጅራት አጋዘን 2 ሜትር አጥር በቀላሉ ስለሚዘል ቁመቱ ቅንጦት አይደለም። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ከመሬት በታች ያለው ክፍል ነው። ከአጥሩ ግርጌ 1 ሜትር ከ20 የሚሆን ተጨማሪ መረብ ወደ ውጭ በ45 ዲግሪ ተጋድሞ ይቀበራል። ሊቆፍር የመጣ እንስሳ የሚቆፍረው ከአጥሩ ሥር ነው፤ እዚያ ሲጭር ጥፍሩ መረቡን ያገኛል። አንድ ሜትር ወደ ኋላ አፈግፍጎ ከዚያ መጀመር እንዳለበት አይገባውም። ቀላልና ግሩም ሐሳብ ነው።

ይህን የኛ ገበሬ በሌላ መንገድ ያውቀዋል። ጅብ በሚበዛበት አገር በረት የሚያጥር ሰው ቁመት ብቻ አያስብም፤ እሾሁን ከሥር ያጠብቃል፣ ድንጋይ ይደረድራል፤ ጅብ የሚገባው ከላይ ሳይሆን ከታች መሆኑን ያውቃላ። በአፍሪካ የዱር እንስሳት ክልሎች የተሰማሩ ሰዎችም የሚነግሩን ይህንኑ ነው። ከርከሮ አጥር ሥር ይቆፍርና ያልፋል፤ እርሱ በከፈተው ጉድጓድ ደግሞ ጃርት፣ ቀበሮ፣ ጅብ ይከተላል። አንድ ቀዳዳ ለአንድ እንስሳ ብቻ አይሆንም። የኛ ከተሞች ማረፊያዎች የሚያጋጥማቸው አጋዘን ሳይሆን ከብት፣ አህያ፣ ውሻ፣ ጅብና ከርከሮ ነው። ስለዚህ ከአሜሪካ የምንቀዳው ቁመቱን ሳይሆን ከመሬት በታች ያለውን ቢሆን እመርጣለሁ። ለኛ በሁለት ሜትር ተኩል የሚያልቅና ሥሩ በደንብ የተቀበረ አጥር ሥሩ ካልተቀበረ ባለ ሦስት ሜትር አጥር ይሻላል።

ከዚያ በር አለ። ኤፍኤኤ በ2004 ለማረፊያ ኃላፊዎች ባወጣው ማሳሰቢያ በሮች ሲዘጉ የሚቀረው ክፍተት ከ15 ሴንቲ ሜትር እንዲያንስ መክሯል። አጋዘን በዚያ ይገባል ወይ ብሎ የሚገረም ሰው በግቢ በሩ ሥር የሚያልፈውን የሰፈር ውሻ ያስብ። ከበሩ ስፋት ይልቅ ግን የበሩ አጠቃቀም ይከብዳል። የጥገና መኪና ሲገባ ተከፍቶ የሚቀር በር፣ ሰንሰለቱ የላላ በር፣ ቁልፉ የጠፋበትና በገመድ የታሰረ በር፣ እነዚህን ያላየ ሰው የለም። ሌላው መግቢያ የውሃ መውረጃው ነው። አጥሩ ቦይ ወይም ቱቦ የሚያቋርጥበት ቦታ ሁልጊዜ ክፍት አፍ ነው። የብረት ዘንግ ቢተከልበት ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ያመጣውን ቅጠልና ጭራሮ ይይዛል፤ ውሃው ይቆማል፤ ውሃው ሲያይል ደግሞ ከጎኑ መሬቱን ቦርቡሮ ሌላ መንገድ ያበጃል። በኛ ደጋ አፈር አንድ ከባድ ዝናብ አንድ ቀዳዳ ለመክፈት ይበቃል።

ስለዚህ በዚያ ማሳሰቢያ ውስጥ ለእኔ ከቁመቱም ከእሾሃማ ሽቦውም በላይ የሚመዝነው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ አጥሩ ቢያንስ በየቀኑ እንዲዞርና የተገኘው ቀዳዳ ወዲያው እንዲደፈን ይላል። በየቀኑ ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር በጀት ውስጥ ሲገባ ሽቦ አይሆንም፤ ሁለት ሦስት ደመወዝ፣ አንድ ሞተር ሳይክል፣ ጥቂት ጥቅል ማሰሪያ ሽቦና ፒንሳ ይሆናል። ግዥው አንድ ጊዜ ሲሆን ዙሩ ግን ዘላለማዊ ነው። ማረፊያዎችም የሚሸነፉት እዚህ ላይ ነው። ለግንባታ የተገኘ ገንዘብ ለጥበቃ አይገኝም፤ አጥር ሲያልቅ የሚያመሰግን ባለሥልጣን አለ፣ አጥር ሳይቀደድ የቀረበትን ዓመት የሚያመሰግን ግን የለም።

የየቀኑ ዙርም ቢሆን ሁሉን አያስቆምም። በኖቬምበር 2020 አላስካ ውስጥ ያኩታት በምትባል ትንሽ ከተማ የአላስካ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሲያርፍ አንዲት እናት ድብ ገጭቶ ገደለ፤ የሁለት ዓመት ግልገሏ ሳይነካ ተረፈ። ከሰው የተጎዳ አልነበረም። አውሮፕላኑ ከመድረሱ 10 ደቂቃ ገደማ ቀደም ብሎ የማረፊያው ሠራተኞች ማኮብኮቢያውን ፈትሸው ምንም እንስሳ አላዩም ነበር። በ10 ደቂቃ ውስጥ ድብ ይገባል። የሙቀት ካሜራ፣ ራዳርና የኤሌክትሪክ አጥር የሚሸጡ ኩባንያዎች ይህን ታሪክ ይወዱታል፤ መሣሪያዎቹም ይረዳሉ። ለአንድ የገጠር ከተማ ማረፊያ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ከእያንዳንዱ ማረፍና መነሣት በፊት ማኮብኮቢያውን ከዳር እስከ ዳር የሚነዳ መኪናና ያየውን ለማማው የሚናገር ሬዲዮ ነው።

አጥርን በሚመለከት አንድ አደገኛ ፈተና አለ፤ ሽቦው ይቀደዳልና ግንብ እንሥራ የሚለው። በአገራችን ግንብ ክብር አለው፤ ይበረክታል፤ ሌባም ይፈራዋል። ነገር ግን አውሮፕላን አንዳንድ ጊዜ መስመሩን ያልፋል፤ ያኔ የሚጠብቀው ነገር ለስላሳ ወይም በቀላሉ የሚሰበር መሆን አለበት። በዲሴምበር 29 ቀን 2024 በደቡብ ኮሪያ ሙአን ከወፎች ጋር የተጋጨው የጄጁ ኤር አውሮፕላን በሆዱ አርፎ እየተንሸራተተ ከማኮብኮቢያው አለፈ፤ ከዚያም የማረፊያ መምሪያ አንቴና የተተከለበትን ኮንክሪት ያለበት የአፈር ክምር መታ። ከ181 ሰዎች 179ኙ አለቁ። ወፉ ጀመረው፤ ኮንክሪቱ ጨረሰው። በዓለም አቀፉ ደንብ ከማኮብኮቢያው ጫፍ 60 ሜትር ካለፈ በኋላ ቢያንስ 90 ሜትር፣ ቢቻል 240 ሜትር የደኅንነት ቦታ እንዲኖር ይፈለጋል፤ በዚያ ክልል የሚቆም ነገር ሁሉ ሲነካ የሚሰበር መሆን አለበት። በማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ያለው አጥር የሚጎድለው ጥንካሬ በዙር ይሟላ እንጂ በድንጋይ አይሟላ።

ደግሞ አጥር ሲዘጋ ከውስጥ የሚቀረው ነገር አለ። ሚላን ከተማ የሚገኘው የሊናቴ ማረፊያ በ2007 ለሰዓታት በረራ አቁሞ ሰዎች ተሰልፈው በሜዳው የፈሉትን የዱር ጥንቸሎች ሲይዙ ውለዋል። ጥንቸሉ ለምን በዛ? አጥሩ ቀበሮውን አስቀርቶለታል፤ አዳኝ የለም፤ ሰው አይገባም፤ ሣር ሞልቷል። ጥንቸል ሲበዛ ደግሞ ጭልፊትና ንስር ይመጣል። አጥሩ የሚያስቆመውን አስቁሞ የማያስቆመውን ጠራ ማለት ነው። የአጥሩ ምሰሶዎችም ለአዳኝ ወፍ መቀመጫ ይሆናሉ፤ ለዚህ ነው አንዳንድ ማረፊያዎች በምሰሶው አናት ላይ ሹል ብረት የሚተክሉት። የመጨረሻው የአጥር ክፍል ከመዘጋቱ በፊት ሜዳውን አስሶ እንስሳቱን ማስወጣት፣ ከዚያም በኋላ ወደ ውጭ ብቻ የሚያስወጣ በር መተው የተለመደ ምክር የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። የተዘጋበት እንስሳ ሲደነግጥ የሚሮጠው ወደ ገላጣው ቦታ ነው፤ በማረፊያ ውስጥ ደግሞ ከማኮብኮቢያው የበለጠ ገላጣ የለም።

የሣሩ ነገር ራሱን የቻለ ክርክር ነው። እንግሊዞች ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ረዘም ያለ ሣር ይመርጣሉ፤ ወፍ በረጅም ሣር ውስጥ ጠላቱን ማየት ስለማይችል ይሸሸዋል ይላሉ። በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች ውጤት ግን የተደባለቀ ነው፤ ሣር ሲረዝም አይጥ ይበዛል፣ አይጥ ደግሞ አዳኝ ወፍ ይጠራል። ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ሣር ሲታጨድ ትሉና ፌንጣው ይገለጣልና በዚያ ሰዓት ወፍ ይጎርፋል። በኛ አገር በዚህ ላይ የክረምት መባቻ ምስጥ ይጨመራል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ክንፍ አውጥቶ ከመሬት የሚፈልቀውን ምስጥ ለመልቀም በአካባቢው ያለ ወፍ ሁሉ ይሰበሰባል። ይህን የሚያውቅ የማረፊያ ኃላፊ ያን ቀን የወፍ ጠባቂ ይጨምራል።

አሁን ከአጥሩ ወደ ውጭ። በፌብሩዋሪ 1973 በአትላንታ አጠገብ ከሚገኘው ዲካልብ ፒችትሪ ማረፊያ የተነሣ ሊርጄት ከወፎች መንጋ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ፤ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ወፎቹ የመጡት ከማረፊያው አጠገብ ካለ የቆሻሻ መድፊያ ነበር። ማረፊያው የካውንቲው፤ መድፊያውም የካውንቲው ነበር። የሟቾች ቤተሰቦች ክስ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። አንድ አስተዳደር በአንድ እጁ አውሮፕላን እያሳረፈ በሌላ እጁ ወፍ ሲቀልብ ነበር ማለት ነው። በኋላ በወጡት መመሪያዎች ኤፍኤኤ ጄት ለሚያስተናግዱ ማረፊያዎች 3 ኪሎ ሜትር ያህል ዙሪያ ወፍ ከሚስብ ነገር እንዲጸዳ ይመክራል፤ በዓለም አቀፉ ድርጅት መመሪያ ደግሞ የሚታሰበው ክልል 13 ኪሎ ሜትር ራዲየስ ነው።

በኢትዮጵያ ሁኔታው ተገልብጧል፤ ችግሩ ግን አንድ ነው። ማረፊያዎቹን የሚያስተዳድረው ከ2017 ወዲህ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ግሩፕ ሥር የሆነው የኤርፖርቶች ድርጅት ነው። ከአጥሩ ውጭ ያለው ቆሻሻ መድፊያ፣ ቄራ፣ የዓሣ ገበያ፣ የግንባታ ፈቃድ ግን የከተማው ነው። ቄራ ባለበት ጥንብ አንሳ አለ። ጥንብ አንሳ ተራ ወፍ አይደለም፤ በ1973 በአቢጃን ሰማይ ላይ ከ11 ሺህ ሜትር በላይ ከአውሮፕላን ጋር የተጋጨው ከዚሁ ዘር ነው። በሐዋሳ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያውን ያየ ሰው አባ ኮዳዎቹ የዓሣ ትራፊ ለመቀበል እንዴት እንደሚሰለፉ ያውቃል፤ ሐይቅ ባለበት ከተማ ሁሉ ተመሳሳይ ነገር አለ። ስለዚህ በየከተማው ከንቲባውና የማረፊያው ኃላፊ አንድ ጠረጴዛ ላይ በዓመት ጥቂት ጊዜ የማይቀመጡ ከሆነ አጥሩ የሁለት መሥሪያ ቤቶች ድንበር ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከሁሉ ረጋ ብዬ ልናገር የምፈልገው ስለ ሰዎቹ ነው። ማረፊያ ከመምጣቱ በፊት ያ ሜዳ የግጦሽ መሬት ነበር። ሜዳ ስለሆነ ነው ለማረፊያ የተመረጠው፤ ሜዳ ስለሆነም ነው ከብት ሲግጥበት የኖረው። በመካከሉ ወደ ገበያ፣ ወደ ወንዝ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስድ የእግር መንገድ ነበር። አጥሩ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ይቆርጠዋል። ከዚያ ምን ይሆናል? ሽቦው ይነሣል፤ ልጁ ፍየሎቹን ከሥሩ ያሾልካል፤ ሴቲቱ እንስራዋን ይዛ በቀዳዳው ታልፋለች። ይህን «ሕገ ወጥነት» ብሎ በዘበኛ ዱላ የሚጨርስ አስተዳደር ሽቦውን እየጠገነ ይኖራል። ግጦሽ የጠፋበት እረኛ በሌሊት ሽቦ ቢቆርጥ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ላሟ ስለራባት ነው።

ለዚህ መፍትሔ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። በትግራይና በአማራ ተራሮች ከግጦሽ በተከለሉ መሬቶች ላይ ገበሬው ከብቱን ሳያስገባ ሣሩን በተራ አጭዶ በሸክም እንዲወስድ የተደረገው አሠራር ለብዙ ዓመታት ተፈትኖ ሠርቷል። በማረፊያም ይሠራል። በአጥሩ ውስጥ ያለው ሣር የሚታጨድ ነው፤ ለሚያጭደው ሰው ገንዘብ ይከፈላል ወይም ይባክናል። በአካባቢው ካሉት ቤቶች ጋር ውል ተገብቶ፣ የአጨዳው ሰዓት ከበረራው መርሐ ግብር ጋር ተጣጥሞ፣ ከማማው ጋር በሬዲዮ የሚገናኝ ተቆጣጣሪ ቆሞላቸው ሣሩን ቢወስዱ ሦስት ነገር በአንድ ይገኛል፤ ሣሩ ይቆረጣል፣ ከብቱ ይጠግባል፣ አጥሩን የሚጠብቀው መንደሩ ራሱ ይሆናል። የተቆረጠው መንገድ በአጥሩ ውጭ ዞሮ እንዲያልፍ ማስተካከልም ከአጥሩ ጋር አንድ ሥራ እንጂ በኋላ የሚጨመር ችሮታ መሆን የለበትም። የጥበቃ ሠራተኛም ከዚያው ሰፈር ቢቀጠር የማን ፍየል በየት እንደምትገባ ያውቃል።

ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ በዓመት ከ100 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታቀደው አዲስ ማረፊያ ሲነሣ ስለ ሕንፃው ውበት ብዙ ይባላል። ቢሾፍቱ የሐይቆች ከተማ ናት፤ ጨለለቃ የመሰለ የወፎች ረግረግ አጠገቧ አለ። እዚያ የሚሠራው አጥር እንደማይረሳ እርግጠኛ ነኝ፤ እዚያ ገንዘብና ዓይን አለ። የሚያሳስበኝ በሳምንት ጥቂት በረራ የሚያስተናግዱት፣ አጥራቸው በክረምት የሚታጠበው፣ ቀዳዳቸው በበጋ የሚሰፋው የክፍለ አገር ማረፊያዎች ናቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው አጥር በብዙ አገር የተጠገነው ላሟ ከተገጨች በኋላ ነው። የሱራትም፣ የፖርት ሃርኮርትም ታሪክ ይኸው ነው።

ስለዚህ ኃላፊነት ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ ሦስት ነገር እለምናለሁ። ለአጥር በጀት ስታጸድቁ የዙረኛውን ደመወዝ በዚያው ሰነድ ላይ አስፍሩ። ማንኛውም የእንስሳ ግጭት፣ ጉዳት ባያደርስም፣ ይመዝገብና በየዓመቱ ለሕዝብ ይገለጽ፤ የአሜሪካኖቹን መዝገብ ዋጋ የሰጠው ተራውን ግጭት ሁሉ መያዙ ነው። ሽቦው ከመዘርጋቱ በፊት ደግሞ በዙሪያው ያለውን መንደር ሰብስባችሁ መንገዱንና ሣሩን ተስማሙ።

አንባቢ ሆይ፣ አንተም ከማረፊያ አጠገብ የምትኖር ከሆነ፣ ነገ በአጥሩ ጥግ ስታልፍ የተነሣ ሽቦ ወይም በጎርፍ የተቦረቦረ ቀዳዳ ብታይ ችላ ብለህ አትለፈው። በሩ ላይ ላለው ጥበቃ ንገረው፤ ካልሰማህ ለኃላፊው ንገር፤ እስኪደፈን ድረስ ደጋግመህ ንገር።